በርካሽ የአደን ጠመንጃ አነጣጥሮ መምታት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋና ሐረር ያሉ ፈቃድ ያላቸው ጠመንጃ ያዦች፣ ውጭ አገር ሄደው አደን የጀመሩ የሰፈር ልጆችም፣ የሚጠይቁኝ ነገር ይመሳሰላል። "ጠመንጃዬ ርካሽ ነው፣ ጥይቱን ይበትናል፣ ምን ልግዛለት?" ይላሉ። ብዙውን ጊዜ መልሴ "ለጊዜው ምንም አትግዛ፤ መጀመሪያ የላላውን ፈልግ" ነው። ድሬ ላይ አንቱታ ስለማያዛልቅ ሁሉንም "አንተ" እያልኩ ነው የምጽፈው። ሴት አንባቢዎች ቅር እንዳይላችሁ።

ርካሽ ጠመንጃ እንደ ውዱ ሊመታ ይችላል?

አዎ፣ አደን በሚታደንበት ርቀት ይችላል። ጥይቷ የት እንደምታርፍ የሚወስኑት በርሜሉ፣ በርሜሉ የተቀመጠበት አካል፣ ጥይቱ ራሱና ተኳሹ ናቸው። የተወለወለ እንጨት፣ ብረት ላይ የተቀረጸ አንበሳና ትልቅ ስም ለዓይን ደስ ይላሉ፤ ወረቀቱ ላይ ያለችውን ቀዳዳ ግን አያንቀሳቅሷትም።

ዛሬ በርሜል የሚሰራው በማሽን ነው። ርካሹም ውዱም ፋብሪካ በተቀራረበ ዘዴ ነው የሚያመርተው። ልዩነቱ የሚታየው ሌላ ቦታ ነው። ርካሹ ጠመንጃ አካሉ ለስላሳ ፕላስቲክ ይሆናል። ምላጩ ይከብዳል። አብሮት የሚመጣው ስኮፕ (አጉልቶ የሚያሳየው ማነጣጠሪያ) ደካማ ነው። ደግነቱ ሦስቱም መላ አላቸው።

ወንድሜ አሜሪካ ሳቬጅ የሚባል ርካሽ ጠመንጃ ገዝቶ ጓደኞቹ ሳቁበት። እውነት ያስቃል?

ይሳቁ፤ ወረቀት ላይ ሲተኩሱ ይተያያሉ። እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው ሳቬጅ 110 በርሜሉ የሚታሰረው በትልቅ ዳዶ ነው። ይህ ዳዶ በመቀርቀሪያውና በጥይቱ መቀመጫ መካከል ያለውን ክፍተት በቀላሉ በልኩ ለማስተካከል ይረዳል። በሌሎች ጠመንጃዎች ይህን ልክ ለማምጣት ባለሙያ እየሞከረ እየሞረደ መድከም ነበረበት። ሳቬጅ ያንን ድካም በአንድ ዳዶ ስለተካው ዋጋው ረከሰ፤ ልኩ ግን አልተጓደለም።

ሩገር አሜሪካን የሚባለው ሌላው ርካሽ ጠመንጃም የራሱ ዘዴ አለው። ፕላስቲኩ ውስጥ ሁለት የብረት ማቀፊያዎች ተቀብረዋል፤ የጠመንጃው ብረት የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው። ፕላስቲኩ ቢለሰልስም ዋናው መቀመጫ አይነቃነቅም ማለት ነው። ወንድምህን ጠመንጃውን ከመለወጡ በፊት ከዚህ በታች ያለውን እንዲያነብ ንገረው።

"ጥሩ ይመታል" የሚባለው ስንት ሲሆን ነው?

መለኪያው ኤምኦኤ ይባላል። የማዕዘን አንድ ዲግሪ ለ60 ሲከፈል አንዱ ክፍል ነው። በ100 ሜትር 2.9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በ200 ሜትር እጥፍ፣ 5.8 ሴንቲ ሜትር ነው። አምስት ጥይት ተኩሰህ በጣም የተራራቁት ሁለት ቀዳዳዎች መሃል ለመሃል 6 ሴንቲ ሜትር ቢራራቁ፣ ጠመንጃህ በ100 ሜትር የሁለት ኤምኦኤ ጠመንጃ ነው።

ሰው እዚህ ላይ ነው የሚቸኩለው። የከርከሮ ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ትንሽ ሰሃን ያክላል፤ 15 ሴንቲ ሜትር እንበል። የሁለት ኤምኦኤ ጠመንጃ በ200 ሜትር የሚበትነው 12 ሴንቲ ሜትር ነው። ይበቃል። አንድ ኤምኦኤ ካልመጣ ብሎ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው አደን ሳይሆን ውድድር ነው የሚያምረው።

ለእንደ ሚዳቋ ላለ ትንሽ እንስሳ ግን ሰሃኑም ያንሳል። ያኔ ጠመንጃውን ከመቀየር መቅረብ ይሻላል።

ያለ ምንም ወጪ ዛሬ ምን ላድርግ?

ብሎኖቹን እይ። ከሁሉ በፊት ግን ካዝናውን አውጣ፣ አቀባብለህ ጥይት አለመኖሩን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። ከዚህ በኋላ "ፍታ" ወይም "ንካ" ባልኩ ቁጥር ይህ መጀመሪያ እንደተደረገ ቁጠረው።

ብረቱን ከእንጨቱ ወይም ከፕላስቲኩ ጋር የሚይዙት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ብሎኖች ናቸው፤ አንዱ ከካዝናው ፊት፣ አንዱ ከምላጩ ኋላ። ከደንገጎ ዳገት እስከ ሐረር በሚኒባስ ወይም በአሮጌ ፔጆ የተንገጫገጨ ጠመንጃ ብሎኑ ቢላላ አይገርምም። የላላ ብሎን ያለው ጠመንጃ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ትንሽ ቦታ ይለውጣል። አንተ "ዛሬ እጄ አልሆነልኝም" ትላለህ፤ ጥፋቱ የላላው ብሎን ነው።

አጥብቅ ስልህ ደግሞ ባለህ ጉልበት አይደለም። ፕላስቲክ ሲጨመቅ ይጣመማል፣ እንጨት ይሰነጠቃል። ፋብሪካው የጥብቀቱን ልክ በመመሪያው ላይ ይጽፋል፤ ጥብቀት የሚለካ መፍቻ ካገኘህ በእሱ አጥብቅ። ካላገኘህ ረጅም እጀታ ያለው መፍቻ አትጠቀም፤ አጭሩን ያዝና እጅህ እምቢ ሲልህ አቁም። ከማጥበቅህ በፊት የጠመንጃውን ሰደፍ መሬት ላይ ቀስ አድርገህ ደቃ ደቃ አድርገው፤ ብረቱ ወደ ኋላ ሄዶ ቦታውን ይይዛል። ከዚያ የፊተኛውን አስቀድም።

ቀጥሎ የስኮፑን ብሎኖች እይ። እኔ ጋ "ይበትናል" ተብሎ የሚመጣ ጠመንጃ ብዙ ጊዜ ሕመሙ እዚህ ነው። የስኮፑ ቀለበቶች ከታች በሌላ ብረት ላይ ነው የሚታሰሩት፤ ያ ብረት ደግሞ በትንንሽ ብሎኖች ከጠመንጃው ጋር ይያያዛል። ሰው ከላይ ያለውን ያጠብቅና የታችኛውን ይረሳዋል። ስኮፑን አውርደህ የታችኞቹን ብሎኖች ፍታ፣ ቅባታቸውን በአልኮል ጥረግ፣ ከተገኘ ሰማያዊውን የብሎን ሙጫ አንድ ጠብታ አድርግና እሰር። ቀይዋን ሙጫ አትንካ፤ በኋላ ለመፍታት እሳት ትጠይቅሃለች። የቀለበቶቹ ብሎኖች አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ኢንች ፓውንድ ይበቃቸዋል፤ ወደ 2 ኒውተን ሜትር ነው። ከዚያ በላይ ከሄድክ የስኮፑን ቱቦ ትጨፈልቀዋለህ።

በርሜሉ እንጨቱን መንካት የለበትም ሲሉ ሰማሁ። እንዴት አውቃለሁ?

የ10 ብር ኖት አውጣ። ከአፈሙዙ በኩል በበርሜሉና በእንጨቱ መካከል አስገባና ሁለቱን ጫፍ ይዘህ ወደ ኋላ፣ ወደ ጥይቱ ክፍል፣ ጎትት። ሳይያዝ ከሄደ በርሜሉ ነጻ ነው። ከተያዘ የተያዘበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርግ።

በርሜል ሲተኮስ ይንቀጠቀጣል። ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ከተንቀጠቀጠ ጥይቶቹ ይሰበሰባሉ። እንጨት አንዳንዴ የሚነካው፣ አንዳንዴ የሚተወው ከሆነ ግን እያንዳንዷ ጥይት በየፊናዋ ትሄዳለች። እንጨት ደግሞ ውሃ ይስባል፤ ክረምት ላይ ሐረር ያበጠው እንጨት በበጋ ድሬ ወርዶ ይኮማተራል። ጠመንጃው ያው ነው፤ ቀዳዳው ግን ተዛውሯል።

ፕላስቲክ አያብጥም፤ ችግሩ መታጠፉ ነው። የ10 ብሩን ሙከራ ጠመንጃውን ጠረጴዛ ላይ አድርገህ ብቻ አትሞክር። የፊተኛውን ክፍል አንተ ስትተኩስ በምታስደግፍበት ነገር ላይ አስቀምጥና ትንሽ ጫን ብለህ ድገመው። ርካሽ ፕላስቲክ ያኔ በርሜሉን ሄዶ ይነካዋል። ማንገቻውን ክንድህ ላይ ጠምጥመህ የምትስብ ከሆነም እንደዚያው።

መላው ክብ እንጨት ላይ የአሸዋ ወረቀት ጠምጥሞ የሚነካውን ቦታ ትንሽ ትንሽ መፋቅ ነው። እየፋቅህ በኖቷ ሞክር። ነጻ ከሆነ በኋላ አንድ ኖት አጥፈህ ድርብ አድርገህ እንኳ ማለፍ አለባት። የተፋቀው እንጨት ከሆነ ዘይት ወይም ቫርኒሽ ቀባው፤ አለዚያ እርጥበት ይገባዋል። አንዳንድ ጠመንጃ ፋብሪካው ሆን ብሎ ጫፉ ላይ የሚደግፍ ጉብታ ይተውለታል፤ ጥሩ የሚመታ ከሆነ ጉብታውን አትንካበት።

የትኛውን ጥይት ልግዛ?

ያንተ ጠመንጃ የሚወደውን። ቀልድ አይደለም። አንድ ዓይነት ሁለት ጠመንጃዎች፣ ተከታታይ ቁጥር ያላቸው እንኳ፣ የተለያየ ጥይት ሊመርጡ ይችላሉ። በርካሽ ጠመንጃ ላይ ብሎን ካጠበቅህ በኋላ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው ጥይት መቀየር ነው። አንዱ ጥይት 8 ሴንቲ ሜትር ሲበትን ሌላው በዚያው ጠመንጃ 3 ሴንቲ ሜትር ላይ ሊሰበስብ ይችላል።

የምታገኘውን ሁለት ሦስት ዓይነት በክብደት ለይተህ ሞክር። የእርሳሱ፣ ማለትም ከጥይቱ ተወርውሮ የሚሄደው ጫፍ፣ ክብደት ሳጥኑ ላይ በግሬን ይጻፋል፤ 150 ግሬን 9.7 ግራም፣ 180 ግሬን 11.7 ግራም ነው። ለምን ክብደት? በበርሜሉ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ ቦይ እርሳሱን ያሾረዋል፤ ረጅምና ከባድ እርሳስ ጠንካራ ሽክርክሪት ይፈልጋል። ቦዩ ለዚያ ካልተሰራ እርሳሱ እየተንገዳገደ ይሄዳል። ወረቀቱ ላይ ክብ ሳይሆን ሞላላ ቀዳዳ ካየህ ምክንያቱ ይሄ ሊሆን ይችላል።

የተስማማህን ስታገኝ ሳጥኑ ላይ ያለውን የምርት ቁጥር አይተህ ከዚያው ምድብ መግዛት የምትችለውን ያህል ግዛ። የጥይቱ መጠሪያ በርሜሉ ላይ ከተጻፈው ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰል አለበት። "ይገባል" ማለት "ይሆናል" ማለት አይደለም።

ካለኝ ገንዘብ ስንቱን ለስኮፕ ላድርግ?

ምርጫው ርካሽ ጠመንጃ ከጥሩ ስኮፕ ወይም ጥሩ ጠመንጃ ከርካሽ ስኮፕ ከሆነ፣ የመጀመሪያውን ያለ ማወላወል ምረጥ። ለአደን ብዙ ማጉላት አያስፈልግም፤ ከ3 እስከ 9 የሚያጎላው ይበቃል። 24 ጊዜ የሚያጎላ ስኮፕ የሚያሳይህ የልብህን ምት ነው።

ደካማ ስኮፕ መሆኑን ለማወቅ አንድ ሙከራ አለ። አንድ ዒላማ ላይ ተኩስ። ከዚያ የስኮፑን ማስተካከያ እያዞርክ፣ 20 "ቀጭ" (ሲዞር የሚሰማው እያንዳንዱ ድምፅ) ወደ ላይ፣ 20 ወደ ቀኝ፣ 20 ወደ ታች፣ 20 ወደ ግራ እያልክ በየማዕዘኑ ያንኑ ነጥብ አነጣጥረህ ተኩስ። መጨረሻ ላይ ጥይቷ ከመጀመሪያዋ አጠገብ ካልተመለሰች ስኮፑ ቃሉን አይጠብቅም። ጠመንጃውን አትውቀስ።

ማስደገፊያ መግዛት ግድ ነው?

አያስፈልግም። ያረጀ ጂንስ ሱሪ እግሩን ቁረጥ። ሐረር ከሆንክ መኪና ግርግር በሚባለው ሰፈር ካሉት ልብስ ሰፊዎች ለአንዱ ስጠው፤ አንዱን ጫፍ ድርብ አድርጎ ይሰፋልሃል። ድሬ ከሆንክ የደቻቱ ወንዝ ሲደርቅ አሸዋ ሞልቷል፤ ጠጠሩን በወንፊት አጥልለህ ሙላው። ጎርፍ ሊመጣ በሚችልበት ወቅት ግን ወንዙ ውስጥ አትግባ፤ ደቻቱ ሰማይ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚመጣው። ግጥም አድርገህ አትሙላው፤ ጠመንጃው ሲቀመጥበት ትንሽ መስመጥ አለበት።

ሁለት ከረጢት ትፈልጋለህ። ትልቁ ከፊት፣ የጠመንጃው አካል ሥር፤ በርሜሉ ሥር ፈጽሞ አይሁን። ትንሹ ከኋላ፣ ሰደፉ ሥር። ከፍታውን የምታስተካክለው የኋለኛውን በግራ እጅህ ጨመቅ ለቀቅ በማድረግ ነው። የስኮፑ መስቀል ዒላማው ላይ ያለ ጡንቻ ቁጭ ሲል ታውቀዋለህ። እየገፋህ ወይም እየጎተትክ ዒላማው ላይ የምታቆየው ከሆነ ገና አልተቀመጠም።

ምላጩ ድንጋይ ነው። ላስሞርደው?

አታስሞርደው። የተሞረደ ምላጭ ጠመንጃው መሬት ላይ ሲወድቅ ሊተኩስ ይችላል። ብዙ አዳዲስ ርካሽ ጠመንጃዎች ምላጫቸው በብሎን የሚስተካከል ነው፤ መመሪያውን አንብብ። የማይስተካከል ከሆነ ወይ ሥራውን በሚያውቅ ባለሙያ ሙሉውን ታስቀይራለህ፣ ወይ ትለምደዋለህ።

መልመጃው ቤት ውስጥ ነው። ጥይቱ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ባዶውን ጠመንጃ አስደግፈህ ወፍራም ግድግዳ ላይ አነጣጥር፣ አፈሙዙ አካባቢ ሳንቲም አስቀምጥና ምላጩን በጣትህ የመጀመሪያ አንጓ ቀስ እያልክ ጫን። ሳንቲሙ ሳይወድቅ "ቀጭ" ካለ ጥሩ ነው። አብዛኛው ዘመናዊ ትልቅ ጠመንጃ ባዶውን ቢተኮስ አይጎዳም፤ ትንሿ .22 ግን ትጎዳለች፣ እሷ ላይ አታድርገው።

ሌላው ችግር የተኩሱን ድምፅና ምት መፍራት ነው። ማንም "እኔ አልፈራም" ይላል። ጓደኛህ አንዳንዴ እውነተኛ፣ አንዳንዴ ባሩድ የሌላት የልምምድ ጥይት እያጎረሰ ይስጥህ። በልምምዷ ጊዜ አፈሙዙ ቁልቁል ዘጭ ካለ፣ መልስህን አገኘህ።

ስኮፑን ለማስተካከል ስንት ጥይት ይፈጃል?

ከተረጋጋህ ትንሽ ይበቃል። በ25 ሜትር ጀምር። መቀርቀሪያው የሚወጣ ጠመንጃ ከሆነ አውጣውና ጠመንጃውን ከረጢቱ ላይ አጽንተህ በበርሜሉ ውስጥ ዒላማውን እይ። ከዚያ ሳታንቀሳቅሰው የስኮፑን መስቀል እዚያው ላይ አምጣው። ይህ ብዙ ጥይት ያድንልሃል።

ወደ 100 ሜትር ስትሄድ ሦስት ጥይት ተኩስና የስብስቡን መሃል ፈልግ። በአንድ ጥይት ተነስተህ ስኮፕ አታዙር፤ ሙሉ ቀን ስታሳድዳት ትውላለህ። የብዙ ስኮፖች አንዷ ቀጭ ሩብ ኤምኦኤ ናት፤ በ100 ሜትር 7 ሚሊ ሜትር ታነሳለች። ስብስቡ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች፣ 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ቀኝ ከሆነ 8 ወደ ላይ፣ 4 ወደ ግራ። በ25 ሜትር ከሆንክ ቀጩን በአራት አባዛ።

ስለ ጠመንጃው ብቃት ለመፍረድ ግን ሦስት ጥይት አይበቃም። ሦስት ጥይት በአጋጣሚ አንድ ቀዳዳ ሊገቡ ይችላሉ፤ ሰው ያቺን ወረቀት ኪሱ ይዞ ይዞራል። አምስት አምስት እያልክ ደጋግመህ ተኩስ፣ ከዚያ እንነጋገራለን።

ድሬ ላይ ያስተካከልኩት ሐረር ላይ ይለወጣል?

ድሬ ወደ 1,200 ሜትር፣ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ሐረር ላይ አየሩ ስለሚሳሳ እርሳሱ ትንሽ ይቀለዋል። በ100 ሜትር ግን ልዩነቱን አታየውም። በ300 ሜትር እንኳ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። "የሐረር አየር ነው" የሚለው ሰበብ አያስኬድም።

የሚለውጠው ሙቀትና መንገዱ ነው። አንዳንድ ባሩድ ሲሞቅ በፍጥነት ይነድዳል፤ የ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ልዩነት የእርሳሱን ፍጥነት በሰከንድ ከ10 እስከ 20 ሜትር ሊለውጠው ይችላል። ድሬ ላይ እኩለ ቀን መኪና ውስጥ የዋለ ጥይትና ሐረር ላይ ንጋት የተጎረሰ ጥይት አንድ አይደሉም። ጥይትህን ጥላ ውስጥ አስቀምጥ። መንገዱ ደግሞ ብሎን ያላላል፤ ስለዚህ ስትደርስ አንድ ሁለት ጥይት ተኩሰህ አረጋግጥ።

በምን ሰዓት ልለማመድ?

ድሬ ላይ ከጠዋቱ 12 ተኩል እስከ 2 ተኩል። ከዚያ በኋላ መሬቱ መጋል ይጀምርና ዒላማው በስኮፕ ውስጥ ሲዋኝ ታየዋለህ። የምታየው ዒላማውን ሳይሆን የታጠፈውን ብርሃን ነው። ከሰዓት ደግሞ ነፋሱ አለ።

በርሜሉም አይቀዘቅዝም። የርካሽ አደን ጠመንጃ በርሜል ቀጭን ነው፤ ሲሞቅ ቦታ ይለውጣል። ሦስት ከተኮስክ በኋላ መቀርቀሪያውን ከፍተህ ጥላ ውስጥ ተወው። እጅህን አስቀምጠህበት መታገስ ከቻልክ ቀጥል። በጥድፊያ የተተኮሰ አሥር ጥይት ስለ ጠመንጃህ ምንም አይነግርህም።

ከምሳ በኋላ ስላለው ነገር መናገር ባያስፈልገኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ አገራችንን ስለማውቅ ልናገር። ጫት የልብ ምት ይጨምራል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል። ደጋግሞ የተጠጣ ቡናም ትንሽ እንዲሁ ነው። በርጫው ይቆይ፤ በርጫና ጠመንጃ በአንድ ቀን አይያዙም። ይህ የዒላማ ብቻ ሳይሆን የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው።

በየስንት ጊዜው ልወልውለው?

ሰው ወይ ጭራሽ አይወለውልም፣ ወይ ሲወለውል በርሜል ይገድላል። ዘንጉ ከኋላ ይግባ፣ ከአፈሙዙ በኩል አይሁን። እርሳሷ በርሜሉን ስትለቅ መጨረሻ የምትነካው የአፈሙዙን ጠርዝ ነው። ዘንግ እየፈጋው ያንን ጠርዝ በአንድ በኩል ከበላው ጋዙ እርሳሷን ወደ ጎን ይገፋታል። ጥጥ ወስደህ ጠርዙ ላይ ዙሪያውን አሽከርክር፤ ጥጡ የሚይዝበት ቦታ ካለ ጉዳት አለ ማለት ነው። ባለሙያ ጠርዙን እንደገና ሊቆርጠው ይችላል፤ በርሜል ከመቀየር በጣም ይረክሳል።

በጥቂት ጥይት ልዩነት እስከ ብልጭታ ድረስ ማጽዳት ግን አያስፈልግም። ስብስቡ መስፋት ሲጀምር አጽዳ። ከዘይት በኋላ የመጀመሪያዋ ጥይት ከሌሎቹ ወጣ ብላ ብታርፍ አትደንግጥ፤ ዘይቱ ነው። ከመውጣትህ በፊት ደረቅ ጨርቅ በበርሜሉ አሳልፍ። ድሬ ላይ አቧራ ስላለ መቀርቀሪያውንም በዘይት አታጥለቅልቀው፤ አቧራና ዘይት ሲገናኙ ሞረድ ይሆናሉ።

የአያቴን ጠመንጃ መጠቀም እችላለሁ?

በቅድሚያ ሕጋዊ ፈቃዱ፣ ቀጥሎ ባለሙያ ይየው። በዚህ አገር እያንዳንዱ ቤት ታሪክ ያለው ምንሽር ወይም ቤልጅግ አለ ይባላል። አሮጌ ጠመንጃ እዚህ የገባው ደግሞ ሁሌም በደህና ዋጋ አይደለም። ሐረር የኖረው ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦ በ1885 እ.ኤ.አ. ለቤተሰቡ ሲጽፍ፣ አውሮፓ ውስጥ 7 ወይም 8 ፍራንክ የሚያወጣ የተጣለ ጠመንጃ ለሸዋው ንጉሥ ምኒልክ 40 ፍራንክ ገደማ እንደሚሸጥ ነግሯቸዋል። ዛሬም የድሮ ጠመንጃ የሚሸጥልህ ሰው ሂሳቡ ከዚያ ብዙ አይርቅም።

ሦስት ነገር እይ። አንዱ ማነጣጠሪያው ነው፤ በአንዳንድ የድሮ ወታደራዊ ጠመንጃዎች ዝቅተኛው ምልክት 300 ወይም 400 ሜትር ስለሆነ በ100 ሜትር ወደ ላይ ይመታሉ። ጠመንጃው አልተበላሸም፤ ዝቅ አድርገህ አነጣጥር። ሁለተኛው ጥይቱ ነው። የጣሊያን ካርካኖ 6.5 ቢባልም እርሳሱ 6.8 ሚሊ ሜትር ነው የሚፈልገው፤ የሌሎቹ 6.5 ጠመንጃዎች እርሳስ ግን 6.7 ነው። ካርካኖ "አይመታም" የሚል ስም ያተረፈበት አንዱ ምክንያት በቀጭኑ እርሳስ የተሞላ ጥይት ስለሚተኮስበት ነው። ሦስተኛው ዝገት ነው። የድሮ ወታደራዊ ጥይት ማቀጣጠያው ጨው ይተዋል፤ ጨውን ዘይት አያነሳውም። በተኮስክበት ቀን በሙቅ ውሃ እጠብ፣ አድርቅ፣ ከዚያ ዘይት ቀባ።

ፈቃዱስ?

ጠመንጃ የመያዝ ፈቃድ ሌላ፣ የማደን ፈቃድ ሌላ ነው። የመጀመሪያው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይመራል። አደን ደግሞ የዱር እንስሳት ሕግ አለው፤ የሚጠየቀው የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያ ለሐረር ቅርብ ስለሆነ "እዚያ ጫፍ ጫፉን" የሚሉ አሉ፤ መጠለያ ውስጥ ጫፍ የለም፣ ክልክል ነው። ለልምምድም የት መተኮስ እንደሚፈቀድ መጀመሪያ ፖሊስ ጠይቅ።

ሁሉንም አደረግሁ፣ አሁንም ይበትናል።

አንድ ነገር ብቻ እየቀየርክ ሂድ። ሁለት በአንዴ ከቀየርክ የትኛው እንዳዳነህ አታውቅም። መጀመሪያ ሌላ ጥሩ ተኳሽ በዚያው ጠመንጃና ጥይት ይሞክር፤ እሱ ከሰበሰበ ወደ ሳንቲሙ ልምምድ ተመለስ። እሱም ከበተነ ስኮፑን ደህና መሆኑ በታወቀ ሌላ ስኮፕ ቀይር። ከዚያም እምቢ ካለ ጥይት ቀይር፣ ከዚያ የአፈሙዙን ጠርዝ አስመርምር። ቀዳዳዎቹ ወደ ላይና ታች ብቻ ከተዘረጉ የኋለኛውን ከረጢትና ጥይቱን ጠርጥር፤ ወደ ግራና ቀኝ ብቻ ከሆነ ነፋሱንና ምላጩ ላይ ያለውን ጣትህን። ሁለት ለየት ያሉ ስብስቦች ጎን ለጎን ካየህ ደግሞ የሆነ ነገር ላልቶ ሁለት ቦታ እየተቀመጠ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ስኮፑ።

እስከ ስንት ሜትር ልተኩስ?

በከረጢት ተደግፈህ የመታኸውን ርሳው። ጫካ ውስጥ ጠረጴዛ የለም። በርሜሉ ቀዝቃዛ ሳለ፣ ተቀምጠህ ወይም ተንበርክከህ፣ ትንሽ ከሮጥክ በኋላ አንድ ጥይት ሰሃን በሚያክል ወረቀት ላይ ተኩስ። በሌላ ቀን ድገመው፣ በሌላም ቀን። ሁሌም ሰሃኑ ውስጥ የምታሳርፍበት ርቀት ያንተ ርቀት ነው። ለብዙ ሰው 150 ሜትር አይሞላም። ጠመንጃው 300 ቢደርስም።